ንፍሮ የለቅሶ ነው

በከተማችን የታመመ ሰው ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ደግ ልማድ ነው። የሚያስከፋው የሚያዘው ነገር ነው፤ የታሸገ ጭማቂና ብስኩት። ሽምብራ ቋጥሮ የሄደ ሰው ገና ከበር ሳይገባ ይታማል።

አባታችን መሪጌታ ኪዳነ ወልድ የደቅ ደሴት ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ማሕሌት ቆመዋል። ስኳር ሲገኝባቸው ከደሴቱ ወደ ከተማ አምጥተን ፋሲሎ ሰፈር፣ ታላቅ እህቴ የሺአረግ ቤት አስቀመጥናቸው። እሷ የፋብሪካ ጸሐፊ ናት፤ ማለዳ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። ግራ እግራቸው ላይ ትንሽ ቁስል ነበረች። ሐኪሙ ምግባቸውን እንድናስተካክል አዘዘና፣ ሳያለሳልስ፣ "ይህች ካልደረቀች እግርዎን ያጣሉ" አላቸው።

"ማሕሌት ሳልቆም ልቀር ነው?" አሉ አባቴ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

በዚያው ሳምንት የሺአረግ ሱፐርማርኬት ገብታ እጇን አጣጥፋ ተመለሰች።

"የፖሙን ዋጋ አይተሻል? አጃውንስ? ጥቁር ዳቦ አለ ብለው አሳዩኝ፤ ዋጋውን ሳየው በቁሜ ደረቅሁ። ጤናማ ምግብ የሀብታም ነው። እኛ ያገኘነውን እንበላለን።"

ያገኘነው ያለችው ነጭ ዳቦ በማርማላታ፣ ብስኩትና ጠያቂ ያመጣው ጭማቂ ነበር። ጠያቂ ሲጠፋ ደግሞ ጭማቂውን ራሷ ትገዛ ነበር። ስለ ፖሙ አልዋሸችም፤ ውድ ነው። ግን ፖም ያዘዘ ሐኪም አልነበረም።

እኔ ከመሸንቲ ገበያ ሽምብራ ገዝቼ፣ ቀቅዬ፣ በምሳ ዕቃ ይዤ መጣሁ። አንድ ሊትር ጭማቂ በሚገዛበት ገንዘብ ከኪሎ በላይ ሽምብራ ይገኛል። የሺአረግ ከፍታ አየችና ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

"ንፍሮ?"

"ሽምብራ ነው፣ እታለም።"

"ንፍሮ የለቅሶ ነው! አባባን በቁማቸው ልትቀብሪያቸው ነው? ጎረቤት ምን ይላል?"

"ጎረቤት የአባባን እግር አይሸከምም።"

"አቤት! ዩኒቨርሲቲ የጨመረልሽ ምላስ ብቻ ነው።"

ጎረቤቷ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ሁለት ጭማቂ ይዘው መጥተው እዚያው ተቀምጠው ነበር። በካርቶኑ ላይ የተሣለውን ማንጎ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ፣ "ልጄ፣ ይህ እኮ ፍሬ ነው" አሉኝ። "ደግሞም የጾም ነው።"

የጾም! ቅቤ ካልነካው ስኳሩም የተባረከ ይመስላቸዋል። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙና መጀመሪያ አፋቸው የሚያደርጉት ያንን ጭማቂ ነበር።

እኔስ ምን አደረግሁ? ተናድጄ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ በስልክ ብቻ እመክር ጀመር። ሽምብራ መዘፍዘፍና መቀቀል ጊዜና ማገዶ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላ ለገባች ሴት የጭማቂ ክዳን መክፈት ይቀላል። ይህን እያወቅሁ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልቀቀልሁላቸውም።

ቁስሏ አልደረቀችም። ጥቅምት ላይ ጠቆረች። ኅዳር ሳይገባ የአባቴ ግራ እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ፤ ዘመዶች በነጠላ ጠቅልለው ወስደው ቀበሩት።

በሦስተኛው ቀን ጠያቂ ሆስፒታሉን ሞላው። ከአልጋው ሥር የጭማቂ ካርቶን ተደረደረ። እማማ ወለተ ጊዮርጊስም ፌስታላቸውን አንጠልጥለው መጡ። የሺአረግ ፌስታሉን አይታ ተነሣች።

"እማማ፣ ይህን መልሰው ይውሰዱት።"

"ውይ ልጄ! ባዶ እጄን ልምጣ እንዴ?"

"ባዶ እጅዎን መጥተው ቢሆን ኖሮ ይሻለን ነበር። እኔም ባልገዛ ይሻል ነበር።"

አባቴ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

"የሺአረግ፣ ያ እግሬ ተቀበረ አይደል?"

"ተቀበረ፣ አባባ።"

"እንግዲያው ለቅሶ ላይ ነኝ። ያን ንፍሮ አሁን ብበላው ማንም አያማሽም።"

ሊስቁ የሞከሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በማግሥቱ እህቴ የተቀቀለ ሽምብራ ይዛ መጣች። አባቴ አንድ አንድ ፍሬ እያነሡ በሉ። ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መቋሚያቸውን አይተው፣ "በጊዜው በልቼው ቢሆን ቆሜ አመሰግንሽ ነበር" አሏት። የሺአረግ ባዶውን ምሳ ዕቃ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

አሁን በየማታው ሽምብራ ትዘፈዝፋለች፤ ቅዳሜና እሑድ የምቀቅለው እኔ ነኝ። ጤናማ ምግብ አቅማችን አይደለም የምትሉ ሁሉ፣ የፖሙን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የሽምብራውን ጠይቁ። የስኳር ሕመምተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱም ንፍሮ ቋጥራችሁ ሂዱ። ሐሜት የሚጀምር ሰው ካለ ወደ ፋሲሎ ላኩልን፤ አባቴ ከበራችን ላይ ተቀምጠዋል፤ ተነሥተው መቀበል ግን አይችሉም።