የዶሮ ቤቱ ዓሣ

የኩሬው ባለቤት ሬሳ የተገኘው ከአፈር ግድቡ ግርጌ፣ ትርፉ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። ዳክዬዎቹ ኩሬው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ሰው ሞተ አልሞተ ዳክዬ ምን ቸገራት!

«አዳልጦት ነው» አለ ታናሽ ወንድሙ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ቀረበች። ገለባውን ከፍሬው ስለምትለይ ባልደረቦቿ «ሰፌድ» ይሏታል። አጎንብሳ የሟቹን ጣቶች አየች። በቀጫጭኑ ተቧጭረዋል፤ እንዲህ የሚቧጭር ሽቦ ነው። በአካባቢው ግን አንዲት ሽቦ የለችም። ቀና ስትል ደግሞ ውሃው ትቶት የሄደው ቅጠልና ጭራሮ ከግድቡ አናት አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ተሰልፏል።

«መሐንዲስ፣ የትርፉ ውሃ ማስተንፈሻ ይህን ያህል ሰፍቶ ውሃው እዚያ ድረስ ምን አወጣው?»

ግድቡን የሠራው መሐንዲስ ላብ አጠመቀው። ከጠዋት ጀምሮ ሰዉ ሁሉ «ሰውየውን የበላው ያንተ ግድብ ነው» ሲለው ነበር። «ካልተደፈነ በቀር አይደርስም፤ እምላለሁ!»

«ዓሣው እንዳያመልጥ በሽቦ እንጠረው ብዬው ነበር» አለች የሟቹ ሚስት ዓይኗን እየጠረገች። «‹ቅጠል ይደፍነውና ግድቡ ይናዳል› ብሎ ተቆጣኝ። ተኮራርፈን አደርን። ሲወጣ እንኳ ‹የት ነው?› አላልኩትም፤ እንዴት እንዳፈርኩ!»

ሰፌድ ግቢውን ዞረች። ከዚያ ሦስቱንም የወንድምየው ዶሮ ቤት ፊት ሰበሰበቻቸው። አንዲት ዶሮ ከአጥሩ ሽቦ ላይ አረንጓዴ ነገር ትለቅማለች።

«ዓሣ ዶሮ ቤት ምን ይሠራል?»

እውነትም ጣት የምታክል ዓሣ ከኩሬ አረም ጋር ሽቦው ላይ ተሰክታለች። ጉድ እኮ ነው!

«ማስተንፈሻውን የደፈነው ይኼ ሽቦ ነው» አለች ሰፌድ። «ሟቹ ሊነቅለው ሲታገል ጣቱን ቧጨረው፤ አዳልጦት ወደቀ። የሞተ ሰው ግን ሽቦ ተሸክሞ ዶሮ ቤት አይመልስም። መሐንዲሱ ሽቦውን ቢያገኝ ለራሱ ነፃ መውጫ ነው፣ አይደብቀውም። እትዬም የደበቁት ነገር ቢኖር ስለ ሽቦ አያነሱልኝም ነበር። የቀረኸው አንተ ነህ።»

ወንድምየው ወደ ሚስቲቱ ዞረ።

«እትዬ፣ ያልሽውን ሰምቼ ተደብቄ አሰርኩት። ዝናቡ ሲብስ ልፈታው ሮጥኩ፤ ጋሼ ቀድሞኝ ወድቋል።»

«ሞቶ?» አለች ሰፌድ።

ወንድምየው ዓይኑን ወደ ዶሮዋ አሸሸ።

«አንተን እኮ ነው! ሞቶ ነበር?»

«ስሜን እየጠራ ነበር። ጥፋቴን ሰው እንዳያይብኝ ብዬ… ሽቦውን ነቅዬ መመለስ አስቀደምኩ። ስመለስ ዝም ብሏል።»

መሐንዲሱ ፊቱን አዞረ። ስንቱን ነፍሰ ገዳይ ዓይን ዓይኑን ያየችው ሰፌድ እንኳ የምታይበት አጣች።

ሚስቲቱ ዓሣዋን ከሽቦው አላቀቀችና በወንድምየው መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት።

«ያዛት» አለችው፣ «አላመለጠችንም።»