ሳንባ አሥራ አራት

«አባባ፣ ዛሬማ ሞልተህ ፈስሰሃል!» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ።

የአባቷ እህት ቀና ብላ አየቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥርስ የማታስከድን ቀልደኛ ናት። ዛሬ ግን ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ቆማ አንዲት ወረቀት ታጣጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች።

አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሳንባው ላይ የበቀለው ካንሰር በቀዶ ሕክምና ሲወጣለት፣ ቁራጩ ለምርምር እንዲውል ፈረመ። «እኔ ጡረታ ብወጣም ሳንባዬ ሥራ አይፈታም» ብሎ ሐኪሞቹን ሁሉ አስቋቸው ነበር። አክስቷ በምትሠራበት ላቦራቶሪ ሕዋሳቱን ጠፍጣፋ ጠርሙስ ውስጥ አስገብተው፣ ቀይ የምግብ ፈሳሽ እየሰጡ አራቧቸው። ስማቸውም «ሳንባ አሥራ አራት» ተባለ። እሱ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ልጅቷ በየሳምንቱ አርብ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጎራ ብላ ታያቸዋለች፤ ቤት ገብታም ለእናቷ «ደህና ናቸው» ትላታለች። እናቷን እስከሚቀጥለው አርብ የምታቆያት ያቺ ቃል ናት። አባቷን የገደሉት እነሱ መሆናቸውን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ቢሆንም ከእሱ የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

«ጭራሮ፣ እስቲ ነይ» አለች አክስቷ። ቅጽል ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። «ለሌሎች ተመራማሪዎች ከመላካቸው በፊት ማንነታቸው ይመረመራል። በሕክምናው ጊዜ ከተቀመጠው የአባትሽ ደም ጋር አነጻጸርናቸው። አይገጥሙም።»

«አትፎግሪኝ!»

«የሱ አይደሉም። እዚያ መደርደሪያ ላይ ያሉት፣ ላቦራቶሪዎች ሁሉ ከድሮ ጀምሮ የሚያራቧቸው፣ ቶሎ የሚባዙት ሕዋሳት ናቸው።» አክስቷ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

ሕጉን ልጅቷም ታውቀዋለች፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ለአንድ ዓይነት ሕዋስ አንድ የምግብ ጠርሙስ፤ ለሁለት ማካፈል ክልክል ነው።

«እሱ በሞተ ማግስት ሥራ ገባሁ። እንዳይርባቸው ብዬ። ዓይኔ በእንባ ተጋርዶ፣ ከአንዱ የምግብ ጠርሙስ ለሁለቱም ቀዳሁ፤ በዚያው ከነዚያ ጥቂቶቹ ወደሱዎቹ ተሻገሩ። የሱዎቹ ዝግ ያሉ ነበሩ። እነዚያ በጥቂት ወር ውስጥ ዋጧቸው።»

«በረዶ ውስጥ ያስቀመጣችሁትስ?»

«አንዲት ብልቃጥ ነበረች። ሰኞ አቀለጥናት። አልተነሱም።»

«ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ አባባ የምለው ማንን ነው?»

«ድሮ የሞተች አንዲት ሴት ናት። ማን እንደሆነች እኔም አላውቅም።»

ልጅቷ ወደ አክስቷ ዞረች። «አርፈሽ ቤትሽ ብታለቅሺ ምን ነበረበት!» ልትል አፏን ከፈተች። የአክስቷ እጆች ግን የውጤቱን ወረቀት እስኪቀደድ ድረስ ያጣጥፉት ነበር፤ አንዲት ጠብታ አፍስሰው የማያውቁት እነዚያ እጆች። አፏን መልሳ ዘጋች።

«ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ» አለች አክስቷ። «ለእናትሽ ግን በምን አፌ? ከፈለግሽ ዝም እንበላት። ባታውቅ ምን ትጎዳለች?»

ልጅቷ የአክስቷን ቦርሳ ከመስቀያው አውርዳ ሰጠቻት። አብረው ወጡ። በአውቶቡስ ወደ ቤት ሄዱ።

እናቷ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ፊቷ በራ። «ዛሬስ እንዴት ናቸው?»

ያቺ የለመደቻት ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ልጅቷ ሄዳ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። ከዚያ ማንም የማይቀመጥበትን የአባቷን ወንበር ከግድግዳው ሳበችና አክስቷን አስቀመጠችበት።

«እማ፣ አንቺም ቁጭ በይ» አለች። «እኔ ነኝ የምነግርሽ።»