ድንጋዩን ተሸክሜ የሰማሁት ሰላምታ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እናቴ ቦረና ናት፣ አባቴ በውትድርና ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ አሥር አለቃ ነው፣ በሁለቱም ወገን የጂን ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ አንዱንም ግን አልዋጥኩትም። እንዲያውም ነጌሌ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ እንዲህ ያለ ወሬ ሲያወራ መሃል ገብቼ ጨዋታ የማበላሸው እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ዝም እላለሁ።

ሥራዬ ትንሽ ግራ ያጋባል። ጋሽ መላኩ የሚባሉ፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የሚሰበስቡ ሰው አሉ፣ እኔ ደግሞ በዚህ በቆላው ከአሬሮ እስከ ፊልቱ እየዞርኩ አፈላልግላቸዋለሁ። ድንጋይ ማግኘቱ ቀላሉ ነው፣ እመኑኝ፣ ከባዱ ታሪኩን ማግኘት ነው፤ የት ወደቀ፣ ማን አየው፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ። "መነሻው ያልታወቀ ድንጋይ በር መደገፊያ ነው" ይላሉ ጋሽ መላኩ፣ ስለዚህ ያየ ሰው ፈልጌ፣ ድምፁን በስልኬ ቀድቼ፣ ድንጋዩን የወደቀበት ቦታ ላይ መልሼ አስቀምጬ፣ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።

ያን ቀን የሄድኩት ወደ አሬሮ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር፣ ኦቦ ጃተኒ የሚባሉ ሽማግሌ ጋ ነበር። ድንጋዩ ከበረታቸው ራቅ ብሎ፣ እሾህ ተከምሮበት ተቀምጧል፣ ጥቁር ነው፣ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ሰላምታው ብቻ ብዙ ወሰደብን፣ የቦረናን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፣ ናጋ ነው ወይ፣ ሰላም ነው ወይ ከተባባላችሁ በኋላ ከብቱ፣ ልጁ፣ ቤተሰቡ፣ ዝናቡ ተራ በተራ ይጠየቃል፣ ለሁሉም ናጋ ትላላችሁ፣ የታመመ ቢኖርም ናጋ ነው፣ ክፉው የሚወራው ኋላ አረፍ ሲባል ነው።

"አንቱ ሲወድቅ አይተውታል?" አልኳቸው።

"አይቻለሁ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከብት ይዘን ነበር፣ ሰማዩ ጮኸ፣ መሬቱ ጨሰ። ወንድሜ ተሸከመው። መንገድ ላይ ከኋላው ሰው ናጋ አለው።"

"ማን ነው እሱ?"

"እኔ አልሰማሁም፣ ወንድሜ ሲመልስ ብቻ ነው የሰማሁት። 'ከብቱ ናጋ ነው' አለ። 'ሚስቴ ናጋ ናት' አለ። ዞሬ ሳይ ማንም የለም፣ ፈራሁ። 'ወንድሜም' ብሎ ሲጀምር አፉን በእጄ ያዝኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ናጋ ያለውን ሁሉ አጣ። ከብቱም አለቀ፣ ሚስቱም ሞተች። እኔ ይኸው አለሁ።"

ጋሽ መላኩ ይህን ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ሽማግሌው ለድንጋዩ ምንም አልፈለጉም፣ ውሰደው ብቻ አሉኝ፣ ስነሳ ግን ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ከኋላህ ናጋ ካሉህ ፊቱን ሳታይ እንዳትመልስ" አሉኝ። እሺ አልኩ፣ እሺ ማለት ምን ይጎዳል።

ሞተሬን አሸዋው አላስኬድ ብሎኝ መንገዱ ዳር ግራር ሥር ትቼው ስለነበር፣ ፎቶዬን አንስቼ ስጨርስ ድንጋዩን በማዳበሪያ ጠቅልዬ በትከሻዬ ይዤ በእግሬ ተመለስኩ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች፣ አገሩ ሜዳ ነው፣ ሰው የሚደብቅ ነገር የለም። መጀመሪያ የሰማሁት የእንጨት ቃጭል ነው፣ ግመሎች አሉ ብዬ ዞር አልኩ፣ የሉም። ቀጥሎ በረባሶ አሸዋ ላይ ሲጎተት ሰማሁ፣ ሸርተት ሸርተት ይላል፣ ስቆም ይቆማል። የራሴ እግር ነው አልኩ፣ እኔ ግን ያደረግኩት ቆዳ ጫማ ነበር። ድንጋዩም ትከሻዬ ላይ ሞቀ፣ ፀሐይ ነው አልኩ፣ ፀሐይዋ ግን በሌላው ጎኔ ነበረች።

ሞተሬን ሳያት ደስ ብሎኝ ሽማግሌውንም ምክራቸውንም ረሳሁ፣ ቁልፌን ኪሴ ውስጥ እየፈለግኩ ሳለ ከኋላዬ፣ ደስ የሚል የጎረቤት ዓይነት ድምፅ፣ "አካም፣ ናጋ?" አለኝ።

"ናጋ" አልኩ። አፌ ቀደመኝ፣ ምን ላድርግ፣ እዚህ አገር ያደገ ሰው ሰላምታ ዝም ብሎ አያልፍም።

"ሎን ናጋ?" አለኝ፣ ከብቱስ ማለቱ ነው፣ እናቴ ጓሮ ያለችው ላም ትዝ አለችኝ፣ አሁንም "ናጋ" አልኩ።

"ኢጆሌን ናጋ?"

ልጆችስ። እኔ ያለችኝ ሲፈን ብቻ ናት፣ ዘንድሮ ትምህርት ቤት የገባች። አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ፣ የኦቦ ጃተኒ እጅ የያዘኝ ያህል። ዞርኩ፣ ማንም የለም፣ ቀዩ አፈር ላይ ያለው የእኔ ዱካ ብቻ ነው። "ኢጆሌን ናጋ?" አለኝ ደግሞ፣ አሁንም ከኋላዬ፣ አንገቴ ሥር። ወንድ ልጅ አይፈራም አትበሉኝ፣ ከንፈሬን እስኪደማ ነከስኩት። ሞተሯ እምቢ ብላ ቆይታ ተነሳች፣ በጩኸቷም መሃል ድምፁ አልተለየኝም፣ የነጌሌን መብራት እስካይ ድረስ ያንኑ ይጠይቀኛል።

ሲፈን ደህና ነበረች። በነጋታው ጠዋት ግን እናቴ ደወለች፣ ላሟ አልተነሳችም፣ "ትናንት እኮ አልቤያታለሁ፣ ምንም አልነበራትም!" እያለች ታለቅሳለች።

ድንጋዩን በአውቶቡስ ላክሁት፣ ጋሽ መላኩ "ታሪኩ የተሟላ ነው፣ ተባረክ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ ለሚመጣ ሰላምታ አልመልስም፣ ከተማው "ከሰማይ ድንጋይ አገኘና ምድር ጠበበችው" እያለ ያሽሟጥጠኛል፣ ያሽሟጥጥ። ለሲፈን ግን አልነገርኳትም፣ ሕፃን ልጅ ምን ተብላ ትመከራለች?

ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ "አባዬ፣ በር ላይ አንድ ሰውዬ ሰላም አለኝ" አለችኝ።

"የት አለ?"

"ከኋላዬ ነበር፣ ስዞር የለም።"

ወደ እሷ ጎንበስ አልኩ። "ስለ አንቺ ጠየቀሽ?"

"አይ፣ ስላንተ ነው። 'አባትሽ ናጋ?' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ናጋ አልኩት" አለች ቦርሳዋን እያወለቀች፣ "ሰላምታ ይመለሳል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?"

ጎበዝ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? የጠየቀው ስለ እሷ ባለመሆኑ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ፣ በሩን ልዘጋ ስነሳ ግን እጄ ደንዝዞ መቀርቀሪያውን መያዝ አቃተው።