ሰባተኛው ነጭ ልብስ

ዓይኗን በጨው ያጠበች ይሉኛል። ይበሉኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በቤተ ክርስቲያናችን የሚጠመቁ ሰዎች ውሃ ውስጥ የሚገቡበትን ነጭ ልብስ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ግን አንዱን አልሰፋም አልኩ።

ነገሩ የጀመረው እዚያው የጥምቀት ገንዳው ጋ ነው። የታጠቡትን ልብሶች ልሰበስብ ስገባ አንድ ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ባዶው ገንዳ ውስጥ ተንበርክኳል። የቧንቧ ሠራተኛው ነበር። ገንዳው ባፈሰሰ ቁጥር የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ማለትም አባቴ፣ ያስጠራዋል።

«ወንድም፣ እዚያ የሚገባው ተምሮ የተመሰከረለት ሰው ነው» አልኩት ለመቀለድ።

«እህቴ፣ ከሁላችሁም በላይ እዚህ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ» አለኝ ቀና ሳይል።

ሳቄ አመለጠኝ። ያኔ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ዓይኔን ቶሎ መመለስ ነበረብኝ፤ አልመለስኩም።

«አማኝ ነህ?»

«አይደለሁም። አራት ዓመት እዚህ ስመላለስ፣ ‹ዛሬ ብትሞት የት ትገባለህ?› ብሎ ያልጠየቀኝ የለም። ‹ምሳ በልተሃል?› ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።»

አፈርኩ። ምን ልደብቃችሁ፣ እኔም ልጠይቀው ያሰብኩት የመጀመሪያውን ነበር።

«ምሳ በልተሃል?» አልኩት።

«አልበላሁም።»

ዳቦዬን ለሁለት ቆረስኩትና ገንዳው ጠርዝ ላይ እግራችንን አንጠልጥለን በላን። እሱ ስለታመመች እናቱ አጫወተኝ፤ እኔ ስለማምነው ጌታ ነገርኩት። አዳመጠኝ። እሺም እምቢም አላለም። ከዚያ በኋላ ገንዳው ቢያፈስም ባያፈስም መምጣት ጀመረ። በስምንተኛው ወር እንደምወደው ነገርኩት። አዎ፣ ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

ለአባቴም አልደበቅኩም። ጮኸብኝ፣ ከዚያም ሦስት ሳምንት አኮረፈኝ። በአራተኛው ሳምንት በድንገት ፊቱ ፈታ አለ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

መጋቢው የአዲስ ተጠማቂዎችን ዝርዝር ላከልኝ። ሰባት ሰዎች ናቸው። ሰባተኛው እሱ ነበር።

ለልክ ሱቄ መጣ። ሜትሩን በትከሻው ላይ ዘረጋሁ። ትንፋሹ ፀጉሬን ይነካኛል። ይህ ሰው የእኔ ሊሆን የቀረው አንድ ልብስ ብቻ ነበር፤ ዝም ብዬ ብሰፋው ማንም አይፈርድብኝም።

«አመንክ?» አልኩት።

ዓይኑን ወደ ስፌት መኪናው አዞረ።

«ንገረኝ እንጂ።»

«አባትሽ አስጠርተውኝ ነበር። ‹ተጠመቅና ልጄን ውሰድ፤ ልብህ ቀስ ብሎ ይከተላል› አሉኝ። እኔ ደግሞ አንቺን ማጣት አልችልም። ውሃ ነው እኮ፤ ምን ይጎዳል?»

አንጀቴን በላው። ደሜም ፈላ።

«ላንተ ውሃ ነው፤ ለእኔ ግን አይደለም። እኔን ለማግኘት ብለህ እግዚአብሔርን ልትዋሸው?»

«እምቢ ካልኩ አይሰጡኝም።»

«ዕቃ ነኝ እንዴ የምሰጠው?» ሜትሩን ጠቀለልኩ። «ልብስህን አልሰፋም።»

«ብታጪኝስ?»

«ልጣህ። ውሸታም አድርጌ ከማገባህ ልጣህ።»

እስኪወጣ ድረስ ጀግና ነበርኩ። ሲወጣ ስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ስድስት ሰዎች ነጭ ለብሰው ተሰለፉ። ስሙ ከዝርዝሩ አልወጣም ነበርና እሱም በሥራ ልብሱ ገንዳው አጠገብ ቆሟል።

«እህታችን፣ የሰባተኛው ልብስ የት አለ?» አለኝ መጋቢው።

ተነሣሁ። አባቴ ከፊት ወንበር ዞሮ በዓይኑ ተቀመጪ አለኝ። አልተቀመጥኩም።

«አልሰፋሁትም። ይህ ሰው አላመነም፤ እኔን እንዲያገባ ብቻ ነው ዝርዝሩ ውስጥ የገባው። ጌታችን ከውጭ ካሉት ጋር አብሮ በላ እንጂ ዋሹልኝ አላላቸውም።»

አዳራሹ በሹክሹክታ ታመሰ። መጋቢው ወደ እሱ ዞረ።

«ወንድም፣ ከልብህ ታምናለህ?»

አንዲት ‹አዎ› ሁሉን ነገር ትጨርሰው ነበር። አባቴ በል እንጂ እያለ ራሱን ነቀነቀለት። እሱ ግን የሚያየው እኔን ነበር።

«አላምንም» አለ። «አንድ ቀን አምን ይሆናል፤ አላውቅም። እሷን ግን እወዳታለሁ። ይህንን በማንም ፊት እናገራለሁ።»

ከአገልግሎት ታገድኩ። ቤተ ክርስቲያኗ እንደማታጋባንም ተነገረኝ። እሁድ እሁድ ግን ቦታዬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከአምላኬ ቤት ማን ያስወጣኛል? እኔና እሱ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ለጋብቻችን ቀን አስቆረጥን።

ቀኑ ሦስት ቀን ሲቀረው አባቴ ሱቄ መጣ። ሁለት ወር አልተነጋገርንም ነበር።

«ካላመነስ?» አለኝ ሳይቀመጥ። «ዕድሜውን ሙሉ ባያምንስ?»

«እጸልይለታለሁ፤ አብሬውም አረጃለሁ። ግን አባዬ፣ በአንዲት ቃል ሊያገኘኝ ሲችል ያልዋሸ ሰው ነው። ከእኛ ከአማኞቹ ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ታውቃለህ?»

አባቴ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ክር አንድ በአንድ ሰበሰበ።

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?»

«በአራት።»

«በአራት ሰዓት የሽማግሌዎች ስብሰባ አለኝ።»

«አውቃለሁ።»

ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን ይዞ ቆመ፤ ፊቱን አላዞረም።

«ከስብሰባው እቀራለሁ» አለኝና ወጣ።