የማይበሉ መኪኖች

ዌይሎን በካፊያው ውስጥ የዳቦ መጋገሪያ ትሪ በገመድ እየጎተተ ይሮጣል። ሬና ባለመኪኖች ሳይወርዱ ምግብ ከሚቀበሉበት የበርገር ቤቱ መስኮት እስከ ወገቧ ወጥታ መንገዱን ትጠብቃለች፤ መኪና ብቅ ካለ በእጇ ምልክት ልትሰጠው። ትሪው አስፋልቱ ላይ ሲንኳኳ የሰማ ሰው፣ አንድ ምስኪን የወጥ ቤት ዕቃውን ይዞ ከቤቱ እየተባረረ ነው ብሎ ባሰበ አይፈረድበትም።

ዌይሎን የምግብ ዝርዝሩ ሰሌዳ አጠገብ ያለችውን ጥቁር መስመር አለፈ፣ የሕንጻውን ጥግ ዞረ፣ መስኮቱ ስር ባለችው ሁለተኛ መስመር ላይ ትሪውን ለአፍታ አሳረፈና አነሳው። ከሬና ራስ በላይ የተሰቀለው ስክሪን አረንጓዴ በራ። ስክሪኑ እንደሚለው ከሆነ አንድ መኪና መጥቷል፣ አዝዟል፣ ተቀብሏል፣ ሄዷል።

«እንዴት ነበርኩ?» አለ ዌይሎን እያለከለከ። የትምህርት ቤቱ የሩጫ ቡድን ውስጥ ስላለ ጥያቄው የምር ነበር።

«ከትናንት ትሻላለህ። ግባ፣ መኪና መጣ።»

መጥቶም ነበር። አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ከኋላ ጭና መስኮቱ ጋ ቆመች። ዓይኗ ትሪውን በብብቱ ይዞ በጓሮ በር በሚገባው ልጅ ላይ ነው።

«ያ ልጅ ምን እየሠራ ነው?»

«መንገዱን እያጸዳ ነው» አለች ሬና።

«በትሪ?»

«አዲስ አሠራር ነው።»

ሴትየዋ ጥቂት አሰበች። «የእኔዎቹ ክፍላቸውን እንኳ አያጸዱም» አለችና ድንቿን ተቀብላ ሄደች።

እያንዳንዱ መኪና ስንት ደቂቃ እንደቆየ የሚለካው ቆጣሪ የተተከለው ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ነው። የመጣው ሠራተኛ አስፋልቱን በመጋዝ ሰንጥቆ ሽቦ ቀበረና በሬንጅ አሸገው። ብረት ያለው ነገር በመጀመሪያው ሽቦ ላይ ሲያልፍ ቆጠራው ይጀምራል፤ ከሁለተኛው ሽቦ ላይ ሲነሳ ያበቃል። አረንጓዴ ማለት ጥሩ ነው፣ ቢጫ ማለት ይቅር ይባላል፣ ቀዩ ግን ይጮኻል። ጩኸቱ ትንሽ ነው፤ የትንኝም ትንሽ ነው።

ሠራተኛው ሽቦውን ሊሞክር ሲል መኪናውን ማንቀሳቀስ ሰነፈና «እስቲ አንድ ትሪ አውሱኝ» አለ። ያመጣለት ዌይሎን ነው። ሰውየው ትሪውን በመስመሩ ላይ ሳብ ሲያደርገው ስክሪኑ መኪና መጣ አለ። ዌይሎን ምንም አልተናገረም። ሬና ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ ታውቀዋለች፤ ዌይሎን ዝም ካለ ነገር እየተጠነሰሰ ነው።

በየሰኞው የዘጠኙ ቅርንጫፎች ደረጃ በአማካይ ፍጥነታቸው ይወጣ ጀመር። የእነሱ ዘጠነኛ ሆነ። ሥራ አስኪያጃቸው ኮርቢን፣ ከክራባቱ በቀር ሥራ አስኪያጅ የሚያስመስለው ነገር የሌለ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ ሰብስቧቸው «መጨረሻ የሚወጣው ቅርንጫፍ ይታያል ተብሏል» አለ። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። በዚያ ከተማ ይታያል የተባለ ነገር ሁሉ ተዘግቷል። የጫማ ፋብሪካው ታይቶ ነበር። ሲኒማ ቤቱም ታይቶ ነበር። የቀረው የዶሮ ፋብሪካው ነው፤ እዚያ ደግሞ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይቀጠርም፤ እዚያ የምትሠራው የሬና እናት እንደምትለው፣ ከአሥራ ስምንት በላይም ባይቀጠር ጥሩ ነበር።

«ማጭበርበር ነው» ብላው ነበር ሬና፣ ዌይሎን የትሪውን ነገር ሲያነሳባት።

«አቦ አታካብጂ። ማንን አጭበረበርን? ሽቦ ነው። ሽቦ ቅር አይለውም።»

ቤቱ እንዲዘጋ ደግሞ እሷም አልፈለገችም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ሰው ጋብ በሚልበት ሰዓት፣ ዌይሎን ትሪውን ያሸራሽር ጀመር። ስድስተኛ ሆኑ። ሦስተኛ ሆኑ። አንደኛ ሲሆኑ ደረቱ ላይ የወርቅ ሰዓት የተጠለፈበት ሰማያዊ ጃኬት ለአራቱም ተላከላቸው። ኮርቢን ይህ ሁሉ ሲሆን በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመልክቶ አያውቅም። ለመመልከት አንገቱን ማዞር ነበረበት፤ አንገቱን ደግሞ አላዞረም።

ያን ቀን ዌይሎን በካፊያ የሮጠው የዘጠኙም ቅርንጫፎች የበላይ ኃላፊ ወይዘሮ ፕሩዊት ሊመጡ ስለነበረ ነው። መጡም። በትልቅ ሣጥን ኬክ ይዘው ገቡ። ኬኩ ላይ በክሬም «አንደኛ» ተጽፏል። ወይዘሮ ፕሩዊት ክፉ ሴት አይደሉም፤ ኬኩን ራሳቸው ቆረሱ፣ ለራሳቸው ትንሹን ወሰዱ። ከዚያ እጃቸውን በወረቀት እየጠረጉ እንዲህ አሉ፦

«ሌሎቹ ቅርንጫፎች በስድስት ሰው የማይሠሩትን እናንተ በአራት እየሠራችሁት ነው። አለቆቼ ይህን ሲያዩ ምን አሉ መሰላችሁ? አራቱ ይህን ከቻሉ ሦስትም ይበቃል አሉ። ከሰኞ ጀምሮ የከሰዓቱ ፈረቃ በሦስት ሰው ነው። ሚስ ኦፓል፣ እርስዎ በሳምንት ሦስት ጠዋት ይገባሉ። አዝናለሁ። በእውነት ጥሩ ሠርታችኋል።»

ኬኩ የቫኒላ ነበር። የበላ የለም።

ሚስ ኦፓል በርገሩን የሚጠብሱት ሴት ናቸው፤ ስድሳን አልፈዋል። ሬና መጀመሪያ የተቀጠረች ቀን እጇ በዘይት ሲቃጠል ቀዝቃዛ ውኃ ስር ይዘው «እንኳን ደህና መጣሽ፣ አሁን የቤቱ ልጅ ሆንሽ» ያሏት እሳቸው ነበሩ። ወይዘሮ ፕሩዊትና ኮርቢን የሰኞውን ፕሮግራም ሊሠሩ ቢሮ ሲገቡ፣ ሬና ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች። ሚስ ኦፓል ሳሙና ውስጥ እስከ ክርናቸው ገብተዋል።

«ሚስ ኦፓል፣ ሰዓትዎ ሲቀነስ ምን ይሆናል?»

«በሳምንት ሠላሳ ሰዓት ካልሞላሽ የጤና መድኑ ይቋረጣል። ጉልበቴን ከኅዳሩ የምስጋና በዓል በኋላ ሐኪሞች ሊሠሩልኝ ቀጠሮ ነበረኝ። እንግዲህ ጉልበቴ ራሱን ያክም።»

«ያ ቁጥር...» አለችና ሬና ወደ ቢሮው በር አየች። «ያ ቁጥር እንደሚሉት አይደለም።»

ሚስ ኦፓል ከውኃው ውስጥ አንድ ትሪ አውጥተው ገለበጡት። ታቹ ድመት የቧጨረው ይመስላል።

«ይሄን በየቀኑ የሚያጥበው ማን መሰለሽ ልጄ? አስፋልት በልቶታል። ብስኩት ስጋግርበት በአንድ ወገን ያብጣል፣ በአንድ ወገን ይተኛል።»

«ያውቁ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

አሮጊቷ መልሱን በቁም ነገር ፈለጉት። «ጃኬቱ ይሞቃል» አሉ። ቀጥለውም፣ «እኔም እንዲዘጋ አልፈለግሁም። እንደናንተው።»

«ልናገር?»

«እሱን እኔን አትጠይቂኝ። ተናገሪ ብልሽ ለጉልበቴ ብዬ ልጅ አስባረርኩ። ዝም በይ ብልሽ ደግሞ ከልቤ አይሆንም። ይልቅ ያንን መፈግፈጊያ አቀብዪኝ።»

ሬና መፈግፈጊያውን አቀበለች። እጇን አደረቀችና ዌይሎንን ፍለጋ በጓሮ በር ወጣች። ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቆሞ ባዶ ካርቶኖችን በእግሩ ይጨፈልቃል። ከሚያስፈልጋቸው በላይ ነበር የሚጨፈልቃቸው።

«ዛሬ ልነግራቸው ነው» አለችው።

እግሩ ቆመ። «አብደሻል? ስሚኝ፣ ትሪውን እናቆማለን፣ በቃ። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ከዚያ ሰው ይመልሳሉ።»

«በሦስት ሰው ሆነን ቁጥሩ ሲወርድ ሰው አይመልሱም። ከሦስቱ ሰነፉ ማን ነው ብለው ነው የሚፈልጉት።»

ዌይሎን ይህን አላሰበበትም ነበር። ሌላ ካርቶን አነሳ፣ አየው፣ አስቀመጠው።

«ከተናገርሽ እባረራለሁ። አንቺም ትባረሪያለሽ። ኮርቢንም።»

«ኮርቢን አላየም።»

«ላለማየት ስንት ደክሟል እሱ።»

«ስምህን አላነሳም፣ ዌይ።»

«ታዲያ ትሪው ብቻውን ነው የሮጠው?»

«እኔም ሮጫለሁ። አንተ የሒሳብ ፈተና የነበረብህ ሳምንት።»

«አዎ፣ ደረጃችን የወረደበት ሳምንት።»

«ሙድ አትያዝብኝ።»

ዌይሎን ሊስቅ ነበር፣ ተወው። ካፊያው ፀጉሩ ላይ ተንጠባጥቧል። «ጓደኛሽ መስዬሽ ነበር» አላት።

«ጓደኛዬ ነህ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላንተ የነገርኩህ።»

እሱ ወደ ካርቶኖቹ ዞረ፣ እሷ ወደ ውስጥ ገባች። ሥራውን ስታጣ እናቷ የምትለውን አስቀድማ ሰማችው፤ ከነድምፁ። ከዚያ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄዳ ሚስ ኦፓል ገና አጥበው ያስቀመጡትን ትሪ አነሳች። ሚስ ኦፓል አዩዋት፣ ግን እጃቸውን ከሳሙናው አላወጡም።

የቢሮው በር ገርበብ ብሏል።

«ወይዘሮ ፕሩዊት፣ ይቅርታ። አንድ ጊዜ መስኮቱ ጋ ቢቆሙልኝና ስክሪኑን ቢያዩልኝ።»

ኮርቢን ትሪውን አየ። ፊቱ እንደ ናፕኪን ነጣ። «ሬና፣ አሁን ጊዜው አይደለም።»

«አሁን ነው» አለች ሬና።

ገመዱ ትሪው እጀታ ላይ አልነበረም፤ ሚስ ኦፓል ሲያጥቡ ፈትተውታል። ሬና ጎንበስ ብላ በእጇ ጎተተችው። አልሮጠችም። ከሰሌዳው እስከ መስኮቱ ያለውን መንገድ በካፊያው እየተራመደች ሄደች፤ ትሪው ከኋላዋ ይንኮሻኮሻል፤ ደግነቱ ከማዶ ነዳጅ ማደያው የሚያይ ሰው አልነበረም፣ ቢኖርም ለምዶታል። መስኮቱ ስር ስትደርስ ትሪውን ጥቁሯ መስመር ላይ አሳረፈችና አነሳችው። ቀና ስትል የወይዘሮ ፕሩዊት ፊት መስኮቱን ሞልቶታል።

«ምን ይላል?» አለች ሬና።

«አረንጓዴ» አሉ ወይዘሮ ፕሩዊት። መንገዱን ወዲያና ወዲህ ቃኙ። «መኪና የለም።»

«የለም።»

«እንዲህ ያለው ስንት ነው?»

«ስክሪኑ የቆጠረውን መኪና ከሽያጩ ጋር ያስተያዩት። ሳይበላ የሄደው ሁሉ የእኛ ነው።»

«የእኛ ማለት የማን?»

ዝናቡ በአንገቷ እየገባ በጀርባዋ ወረደ። «የእኔ» አለች። «ስለ ራሴ ነው የምናገረው።»

«ምን እንደሚያመጣብሽ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ግን ይህ ሥራ የአራት ሰው ሥራ ነው። ያውም በአራታችንም ዘጠነኛ ነን።»

ወይዘሮ ፕሩዊት መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ከሬና ጀርባ ጡሩምባ ተነፋ። ጎማው በጭቃ የተለወሰ ፒክአፕ ሰሌዳው ጋ ቆሟል፤ ውስጡ ብርቱካናማ ኮፍያ ያደረጉ አራት አጋዘን አዳኞች ታጭቀዋል።

«ግቢ» አሉ ወይዘሮ ፕሩዊት። «ሰው ቆሟል።»

ሬና እርጥብ እንደሆነች ገብታ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች። አራቱ አዳኞች አራት ዓይነት በርገር አዘዙ። አንዱ ሽንኩርት አይበላም፣ አንዱ ሽንኩርት ብቻ ነው የሚፈልገው የሚመስለው። ሚስ ኦፓል ሥጋውን ጣል ጣል አደረጉ። ዌይሎን ከጓሮ ገብቶ ማንንም ሳያይ ድንቹን ዘይት ውስጥ ነከረ። ኮርቢን ክራባቱን ወደ ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ ዳቦ ይከፍት ጀመር፤ እንዲህ ሲሠራ ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወይዘሮ ፕሩዊት ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመው ያያሉ።

ስክሪኑ ቢጫ ሆነ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ ወይዘሮ ፕሩዊት። «በዚህች ልጅ አረማመድ ያ ሁሉ ቁጥር አይመጣም።»

ዌይሎን ድንቹን አወጣ፣ አራገፈ፣ ጨው ነሰነሰ። ጨው ካስፈለገው በላይ ነሰነሰ።

«እሷማ ትራመዳለች» አለ ጀርባውን እንደሰጠ። «ሯጩ እኔ ነኝ።»

ሬና ዞር አላለችም። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ለማንም ማሳየት አልፈለገችም።

«ኮርቢን» አሉ ወይዘሮ ፕሩዊት።

«አቤት።»

«የሰኞውን ፕሮግራም አትለጥፈው። በሌለ መኪና ሰው አልቀንስም።» ቀጥለው ወደ ልጆቹ እያዩ፣ «እናንተን ግን ነገ አነጋግራችኋለሁ። ሦስታችሁንም።» ኮርቢን ሦስተኛው ማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ስክሪኑ ቀይ ሆኖ መጮኽ ጀመረ። የመጨረሻው ሥጋ መሐሉ ገና ነው። ሬና እጇን መስኮቱ ደፍ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ቲቲ፣ ቲቲ ይላል። ሚስ ኦፓል ሥጋውን አንዴ ገልብጠው ቆሙ፤ እሳቸውም የሚጠብቁት መብሰሉን ነው። በስሎ ሲወጣ ሬና ከረጢቱን ከፍታ አራቱንም በርገር አንድ በአንድ አየች፣ ከዚያ አቀበለች።

«ቆያችሁ እኮ» አለ ሹፌሩ።

«ቆየን» አለች ሬና። «ሥጋው እስኪበስል ነው።»

ሰውየው ከረጢቱን አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀና መንገዱን ያዘ። ከኋላው ሁለት መኪና ተሰልፏል። ሬና ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እንኳን ደህና መጡ» አለች። «ረጋ ብለው ይዘዙ።»