ጆሮ ያበቀለው ጊታር

ለጎባ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ። የጋሽ ደጀኔ የኤሌክትሪክ ጊታር ከማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጩኸቱን ያቆመ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ሬዲዮናቸው የተረበሸባቸውና ዶሮዎቻቸው እንቁላል መጣል የተዉባቸው ወገኖች ሁሉ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ።

የጊታሩ ባለቤትም በዚያው ቀን ሞተዋል። ይህ ግን በሰፈሩ ወሬ ሁለተኛ ሆኖ ነው የተነገረው።

ኢንስፔክተር ዙሀይራ ረቡዕ ጠዋት ከሮቤ ስትደርስ፣ ከሳነቴ አምባ የወረደው ጉም የጎባን ባሕር ዛፎች ከወገባቸው በላይ ውጧቸው ነበር። አስከሬኑ ሆስፒታል ነው። ክፍሉ ግን እንዳለ ቆይቷል። አሮጌ አምፕሊፋየር አለ፤ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ቀይ ጊታር ተጋድሟል። የጊታሩ ቀለም እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል። ውጭ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር አንዷ ክር ማንም ሳይነካት ትንቀጠቀጥና ቀስ ብላ ዝም ትላለች።

ሐኪሙ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው ብሏል። ጋሽ ደጀኔ በባዶ እግራቸው ተወልውሎ ያልደረቀ የሲሚንቶ ወለል ረግጠው ሲጫወቱ ነው የያዛቸው። ሰፈሩ በበኩሉ ጊታሩ ጂን አለበት፣ ሳይመሽ ይቃጠል ብሎ ወስኗል።

«ጂን የሟች ዓይን አይከድንም» አለች ዙሀይራ። «መንጋጋም በሻርፕ አያስርም። እጅም ደረት ላይ አያጣምርም።»

ሦስቱም ተደርገው ነበር። ሬሳውን ያገኘችው የሟች የእህት ልጅ ረድኤት፣ ከምትሠራበት ባንክ ስትመለስ እንዲሁ ሆነው እንዳገኘቻቸው ብትምልም ያመናት የለም። ምክንያቱ ስፒናው ነው። የአምፕሊፋየሩ ስፒና እንደ ዘመን አቻዎቹ ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው። በአንድ በኩል ሲሰካ ይዘፍናል፤ ተገልብጦ ሲሰካ የጊታሩ ክር ይነዝራል። ለዚህ ነው ከብዙ ዓመት በፊት አንዱ ጎኑ ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባው። ቀዩ ወደ ላይ ከሆነ ሰላም ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ጋሽ ደጀኔ ዕቃው እንዳይቃጠል ይነቅላሉ፤ ሲመጣ ቀዩን አይተው ይሰካሉ። ማክሰኞም አይተው ሰክተዋል።

ዙሀይራ ስፒናውን አገላብጣ በጥፍሯ ፋቀችው። ቀዩ ቀለም ገና ትኩስ ነው። በሌላው ጎን የአሮጌው ቀለም ፍቃፊ ቀርቷል። ሰው ምልክቱን አዙሮታል። ቀለሙ ደግሞ ሳሎን መስኮት ላይ የተቀመጠው የረድኤት ብልቃጥ ነው። የጎባ ፖሊሶች ከሰዓት ፍርድ ቤት ሊያቀርቧት ወስነዋል።

«ቀለሙ የኔ ነው፤ አልክድም» አለች ረድኤት ጣቢያ ውስጥ፣ ቀይ ጥፍሮቿን ጉያዋ ደብቃ። ምሳ ሰዓት ቤት ገብታ ወለሉን ወልውላ ወጥታለች። በጎባ ብርድ እስከ ማታ አይደርቅም። መብራት ጠፍቶ ነበር። እንግዳ ስለመኖሩ ስትጠየቅ፣ ዲኖም የአጎቷ ባልንጀራ ጋሽ ረጋሳም ሳሎን ተቀምጠው ነበር አለች፤ ቡና አቅርባላቸው ሄዳለች።

ዲኖ ከሮቤ አሮጌ ዕቃ እየገዛ አዲስ አበባ ለወዳጆቹ የሚያደርስ ነጋዴ ነው። ጋሽ ደጀኔ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ ብለው ጊታሩን ሸጠውለታል። ረቡዕ ይዞት ሊሄድ ነበር። ስለ ሟች ሲጠየቅ በአጭሩ መለሰ፤ ስለ ጊታሩ ሲጠየቅ ግን ፊቱ በራ።

«አዲስ ጊታር ይታዘዛል፤ አሮጌ ጊታር ይከራከራል። ሰው የሚያብድለትም ለዚህ ነው። እዪው እስቲ፣ ኢንስፔክተር።» ስፒናውን በትክክለኛው ጎን ሰካ። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያሉት የመስታወት ቱቦዎች እስኪሞቁ ጠበቁ። ከዚያ ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ዲኖ መዳፉን ክሮቹ ላይ ሲያሳርፍ ጩኸቱ ወዲያው ለሰለሰ፤ ሲያነሳ ተመለሰ። «ሰው ሲነካው ይረጋጋል። ይኸኛው ማግኔት ደግሞ መዳብ የተጠመጠመበት ነው። መዳቡን አጥብቆ የያዘው ሰም ከእርጅና ብዛት ረግፏል፤ አሁን እንደ ማይክ ድምፅ ይይዛል።» ጎንበስ ብሎ ጊታሩ ላይ በቀስታ «ዲኖ» አለ። ስሙ ከአምፕሊፋየሩ እንደ ዋሻ ድምፅ ተመለሰ። «ጆሮ አብቅሏል።»

ዙሀይራ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መብራት ሲመጣ፣ የት ነበርክ ስትለው፣ ፔንሲዮን ተኝቼ አለ። ያየው ሰው የለም።

ግድግዳ ለግድግዳ የምትጎራበተው ባለሱቋ አደ ጁሀራ ግን ሰምታለች። ለዙሀይራ ስትነግራት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዘጠኝ ሰዓት መብራት መጣ፤ ጊታሩም ጮኸ፤ እንደ ልማዱ ነው። ወዲያው ለስለስ አለ። ከዚያ ድንገት ድጋሚ ጮኸ፣ በጣም። ከዚያ፣ አስተግፊሩላህ፣ ተናገረ።»

«ምን ብሎ?»

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ነጋቲ» አለች። ወንድሜ፣ ደህና ሁን ማለት ነው። «የማን ድምፅ እንደሆነ አይለይም፤ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው። ጂን ከሆነም ያገር ልጅ ነው። ሱቄን ዘግቼ ሮጥኩ። ረድኤት መጥታ እስክትነቅለው ድረስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጮኸ።»

የቀሩት ኦቦ ረጋሳ ናቸው፤ የሟች የሃምሳ ዓመት ባልንጀራ፣ የቀድሞው ባንድ ከበሮ መቺ። ባንዱ ሲበተን ሁለቱ ንብረቱን ተካፍለዋል። ጊታሩ ለደጀኔ፣ አምፕሊፋየሩ ለረጋሳ። አንዱ ያለ አንዱ እንዳይጫወት ሆን ብለው ነው ይላል ሰፈሩ። ሠላሳ ዓመት በየእሑዱ ረጋሳ አምፕሊፋየራቸውን በጋሪ ጭነው ይመጡ ነበር፤ ወገባቸው ሲደክም እዚሁ ተዉት። ሽማግሌው የጎማ ቦቲ ጫማ ተጫምተው፣ መዳፋቸውን አምፕሊፋየሩ ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። መብራት ሳይመጣ ወደ ቤቴ ሄድኩ አሉ። ዙሀይራ ወደ መስኮቱ ዞራ ጉሙን እያየች ሲሄዱ ማን አየዎት ብላ ጠየቀች። መልስ የለም። ሐዘን ነው ብላ አለፈችው። በር ላይ ደርሳ ግን ቆመች። ተመልሳ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ያንኑ ጠየቀች። ማንም አላየኝም ብለው ወዲያው መለሱ።

በዚያው ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ረድኤት በፖሊስ መሐል ቆመች። ዲኖ ጊታሩን በስስት ያያል። አደ ጁሀራ በሩን አልለቅም ብላለች፤ ለመሮጥ እንዲመቻት። ኦቦ ረጋሳ ወንበራቸው ላይ ናቸው።

«ገዳዩ ጋሽ ደጀኔ ሲሞቱ እዚህ ነበር» አለች ዙሀይራ። «ጊታሩ ራሱ ነግሮናል። መጀመሪያ ጮኸ፤ ተሰክቷል ማለት ነው። ከዚያ ለሰለሰ፤ ጋሽ ደጀኔ ክሮቹን ነክተዋል፣ ሞተዋልም፤ እጃቸው ግን እዚያው ቀርቷል። ከዚያ ድንገት ጮኸ። የሞተ ሰው እጁን አያነሳም። እጁን አንስቶ ደረት ላይ ያጣመረ ሰው አለ። ዓይን ከድኖ፣ መንጋጋ አስሮ፣ ጎንበስ ብሎም ተሰናበተ። ጆሮ ያበቀለው ማግኔት ስንብቱን ለአደ ጁሀራ አሰማት።»

«እኔ ጂን ነው ያልኩት ለዚህ ነው» አለች ጁሀራ፣ ትንሽ ቅር ብሏት።

«አሁን አስቡት። ዲኖ ይህ ጊታር እንደሚሰማ ያውቃል፤ ሚስጥር አይነግረውም። ረድኤትም እንደነገረችኝ ልጅ ሆና ስልክ እያደረገች ትጫወትበት ነበር። ሁለቱም ቢሆኑ፣ ያ ጩኸት ጎረቤት ሲጠራ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ አንድ ቁልፍ ነው፣ ያጠፉታል። ያልጠፋው ለምንድን ነው?»

ከኦቦ ረጋሳ ጀርባ ዞራ ስፒናውን በትክክለኛው ጎን ሰካች። ቱቦዎቹ ሞቁ። ክፍሉ ጮኸ። ረድኤት ጆሮዋን ያዘች፤ ዲኖ ዘወር አለ፤ ፖሊሱ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ ከአደ ጁሀራ ጋር ተጋጨ። ዙሀይራ ጊታሩ ላይ ጎንበስ ብላ በቀስታ «ኦቦሌሳ ኮ፣ ነጋቲ» አለች። የሟቹ ቤት በሙሉ ያንን ቃል መለሰው።

ኦቦ ረጋሳ አልዞሩም። ፊት ለፊታቸው ያለውን ባዶ ግድግዳ እያዩ ነበር። ኋላ የሌሎቹን ፊት አዩ፤ ፊቶቹን አንድ በአንድ አነበቡ። እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አምፕሊፋየሩ ላይ አሳረፉ። ያን ጊዜ ነው ዓይናቸው እንባ ያቀረረው።

ዙሀይራ አጥፍታው ፊታቸው ተንበረከከች፤ ከንፈሯ እንዲታያቸው። ከበሮና ጸናጽል ጆሯቸውን ከበሉት ቆይቷል፤ ከንፈር ስለሚያነቡ ሰፈሩ ረስቶታል። ከእሑድ እሑድ የቀራቸው ሙዚቃ ይህ ሳጥን በመዳፋቸው የሚነግራቸው ብቻ ነበር። ረቡዕ ግማሹ፣ ጊታሩ፣ ተጭኖ ሊሄድ ነበር።

«ምልክቱን በረድኤት ቀለም አዞሩ። ቦቲ ጫማዎ እርስዎን ከንዝረቱ አተረፈዎት። ለመጨረሻ ጊዜ ተጫወትልኝ ብለው ለመኗቸው፤ አይደል?»

ሽማግሌው ረድኤትን አዩ። «ልጅቷን ልቀቋት» አሉ፤ ድምፃቸው ራሱን እንደማይሰማ ሰው ከፍ ብሎ ነበር። «ስለ ቀለሙ አላሰብኩም። የተገኘውን ነው የቀባሁት።»

ፖሊሱ የረድኤትን እጅ ለቀቀ። እሷ ግን አልሄደችም። ወደ ሽማግሌው ቀረበችና እንድትታያቸው ጎንበስ አለች።

«ጋሽ ረጋሳ፣ አጎቴ ይወድዎት ነበር። ለምን አደረጉት?»

ረጋሳ ከንፈሯን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ መዳፋቸውን ከሳጥኑ አንስተው ኪሳቸው ከተቱ።

«አልናገርም» አሉ። «ለአንቺም፣ ለዳኛም፣ ለሱም።»