ያለ ጓንት የተያዘው ሳንቲም

«ምራቲቱ ናት የገፋቻቸው» ትላለች የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ። ለፖስተኛው ነገረች፤ አስከሬን ላነሱት ነገረች፤ ለመርማሪዋም ደረጃው ላይ ደገመችላት።

«አይተሻል?»

«ምን ማየት ያስፈልጋል እመቤቴ? ነገሩ ግልጽ ነው!»

«እንግዲያው ያየሽ ዕለት ጥሪኝ።» መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት በከንቱ አይደለም።

ሟቹ፣ ጡረተኛው ሰዓት ሠሪ፣ የወደቁት ከተከፈተው ካዝና ሥር ነው፤ ጭንቅላታቸውን የብረቱ ጠርዝ መትቶታል። ካዝናው ውስጥ የወርቅ ሳንቲሞቹ እንደተደረደሩ ናቸው። በጠረጴዛው ላይ ትንሽ ሚዛን፣ ያለ ጓንት በጨበጡት እጃቸው ውስጥ አንድ ሳንቲም። ጣቶቻቸው ተቧጭረዋል። የጥጥ ጓንታቸው ግን እንደታጠፈ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ምራትየዋ ታለቅሳለች። ባሏ እንኳ ፊቷን አያይም፤ የካዝናውን ቁልፍ ቦታ የምታውቀው እሷ ብቻ ናትና።

«ስለ ወርቁ ምን ይነግሩሽ ነበር?»

«‹ለዘመን የሚቀመጠውን ስትመርጪ ብርቁን ተዪ፤ የትም አገር የሚታወቀውን ያዢ። ጠርዙን እንጂ ፊቱን እንዳትነኪ› ይሉኝ ነበር። አባባ ወርቅ ያለ ጓንት ነክተው አያውቁም።»

«ማን ነው የሚሸጥላቸው?»

«ጋሼ ሳንቲም ሻጩ። ወዳጃቸው ናቸው፤ በየሳምንቱ ይመጣሉ።»

ሳንቲም ሻጩ ሐዘኑን እንደ ካፖርት ደርቦ መጣ። «ወንድሜ ነበር! ሰሞኑን እንኳ አልመጣሁም። ይቺን ልጅ ግን ድሮም አላምናትም።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ ከካዝናው ያወጣችውን ወርቅ አዞረች። የሟቹ ልጅ ጭብጥ አደረገው። ምራትየዋና ሻጩ በጣታቸው ጫፍ፣ ጠርዝ ጠርዙን ያዙ። በመጨረሻ ከሟቹ እጅ የተገኘውን ለሻጩ አቀበለችው። አየት አደረገና በመዳፉ ጨብጦ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገው።

«አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላሉ» አለች መርማሪዋ። «እርስዎን የከዳዎት እጅዎ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይህ ሳንቲም ሐሰተኛ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። ሰዓት ሠሪው መዝነው ስላወቁ ያለ ጓንት ያዙት፤ እርስዎም ስለሚያውቁ ጨበጡት። ገዳዩ ሌባ ቢሆን ካዝናው ክፍት ነበር። እሱ ግን ወርቁን ሁሉ ትቶ፣ የሟቹን ጣት እየቧጨረ ለአንድ ሳንቲም ታገለ። ያቺን አንዲት ሳንቲም የሚፈራት ማን ነው? የሸጣት ሰው።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሚዛኑ ላይ ሳያት…» አለ ሻጩ ድምፁ ተሰብሮ፣ «ፖሊስ ሊጠራብኝ መስሎኝ ገፋሁት። እጁን አልፈታልኝ አለ።»

ይዘውት ወረዱ። ባልየው ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አፈረ። እሷም ወደ ኩሽና ገብታ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ይዛ ወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ከቁልፎቹ መሐል እንደዚያችው ያሉ ሐሰተኛ ሳንቲሞች ተንከባለሉ።

«አባባ ካምና ጀምሮ እየመዘኑ እዚህ ይጥሏቸው ነበር። መጫወቻ መስለውኝ፣ ምን ያደርጉልዎታል ብላቸው ‹ተዪኝ ልጄ፤ እነሱን ካልገዛሁ ማን ሊጠይቀኝ ይመጣል?› አሉኝ።»